ምዕራፍ 7፦ ጳጉሜን 6ን የሚጠብቅ ማሽን

በሸዋ ሮቢትና በቀወት ወረዳ ጤና ጣቢያዎች የመስከረም ወር ሪፖርት የሚጀምረው መስከረም 1 አይደለም፤ ነሐሴ 21 ነው። የሚዘጋውም መስከረም 20 ነው። በመላ አገሪቱ የጤና መረጃ ሥርዓት ወርን የሚቆጥረው ከ21 እስከ 20 አድርጎ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት መዝገብ ለመደመር፣ ለማመሳከርና ሪፖርቱን ለወረዳ ለማድረስ ይውላሉ። በዚህ ስሌት የጥቅምት ሪፖርት 30 ቀን ይይዛል፤ የኅዳርም፣ የታኅሣሥም እንዲሁ። የመስከረም ግን ከነሐሴ 10 ቀን፣ ጳጉሜንን ሙሉ በሙሉ፣ ከመስከረም ደግሞ 20 ቀን ጠቅልሎ 35 ቀን ይሆናል። ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ከነበረ 36 ይሞላል።

ይህ ልዩነት እነዚህ ጣቢያዎች ላሉበት ለይፋት ቆላ ተራ ነገር አይደለም። የአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወባ በደንብ የሚያውቃት ከተማ ናት። ለምሳሌ አንድ ጤና ጣቢያ በየቀኑ 10 የወባ ሕሙማን ቢያገኝ የመስከረም ሪፖርቱ 350፣ የጥቅምቱ 300 ይሆናል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ኃላፊ «ወባ ቀንሷል» ብሎ ሊደሰት ይችላል። የቀነሱት ግን ቀናቱ እንጂ ሕሙማኑ አይደሉም።

በሙያው የቆየ የጤና መረጃ ባለሙያ ይህን በቃሉ ያውቀዋል። ፕሮግራም ግን ካልነገሩት አያውቅም። ከዚህ የባሰው ችግር ደግሞ ዛሬ በትክክል የተነገረውን ነገር ነገ ሌላ ፕሮግራመር፣ ምንም ክፉ ሳያስብ፣ ሊያጠፋው መቻሉ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ያን ስለሚከላከለው አሠራር ነው፤ በኮድ ላይ የሚደረግ እያንዳንዱ ለውጥ ከመጽደቁ በፊት በማሽን እንዲገነባና እንዲፈተን ስለማድረግ።

አንዲት ቀን የምታመጣው ስህተት

ቀንን የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ በትክክል ይሠራሉ። የሚሳሳቱት በዳር ቀን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2008 ባለ 30 ጊጋባይት የማይክሮሶፍት ዙን ሙዚቃ ማጫወቻዎች በአንድ ቀን ደርቀው ቀሩ። ያ ዓመት 366 ቀን ነበረው፤ ዓመቱን የምታሰላው ትንሽ ኮድ ደግሞ 366ኛው ቀን ላይ ስትደርስ መውጫ አጥታ እዚያው ትዞር ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ደግሞ የዚያው ኩባንያ አዙር የተባለው የክላውድ አገልግሎት ለሰዓታት ተስተጓጎለ። ምክንያቱ የዲጂታል ሰርተፍኬት ማብቂያ ቀን ሲሰላ ዓመቱ ላይ አንድ ብቻ መደመሩ ነበር። ውጤቱ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2013 ሆነ፤ እንዲህ ያለ ቀን ግን የለም።

እነዚህ ስህተቶች የደረሱት አብዛኛው ዓለም በሚጠቀምበት የዘመን አቆጣጠር፣ ብዙ ገንዘብና ባለሙያ ባለው ኩባንያ ውስጥ ነው። የእኛ አቆጣጠር 13 ወር አለው፤ የመጨረሻው ወር 5 ቀን ነው፣ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ 6 ይሆናል። የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፤ ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ቀጣይዋ ጳጉሜን 6 በ2019 መጨረሻ ትመጣለች። ራቅ አድርጎ ለሚያስብ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2100 የምትጨመረዋን ቀን ይዘላል፤ የእኛ ግን አይዘልም። ስለዚህ የ2093 ዓ.ም. መስከረም 1 ዘመነ ሉቃስ ሳይቀድመው ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። «እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ወይም በአራት ዓመት አንዴ 12 ነው» ብሎ የተጻፈ ኮድ ያን ዓመት ይሳሳታል።

እነዚህን ሕጎች የሚያውቅ ሰው ኮዱን አንድ ጊዜ በትክክል ሊጽፈው ይችላል። ከባዱ ነገር ትክክል ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ለውጥ የሚቀርብበት በር

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ሥራ የፈጠረው ጊት፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ኮድ ላይ ሳይጠላለፉ እንዲሠሩ አስችሏል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቅርንጫፍ ከፍቶ ይሠራል፤ ዋናው ቅርንጫፍ ሳይነካ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው ጊትሃብ ደግሞ ፑል ሪኩዌስት የሚባለውን አሠራር አስፋፋ። ሠሪው ለውጡን ጨርሶ «ይህን ሠርቻለሁ፣ ተመልክታችሁ ከዋናው ጋር አዋሕዱልኝ» ብሎ ያቀርባል። ሌላ ባለሙያ መስመር በመስመር አይቶ ያጸድቃል ወይም አስተያየት ሰጥቶ ይመልሳል። ማዋሃዱን ፕሮግራመሮች መርጅ ማድረግ ይሉታል።

የሰው ዓይን ብዙ ነገር ያያል፤ ሁሉን ግን አያይም። የቀኑን ሥራ ጨርሶ ማምሻ ላይ 400 መስመር ለውጥ የሚመለከት ሰው፣ የተለወጠው አንድ መስመር ነሐሴ ላይ ብቻ የሚያመጣውን ጣጣ ሊያየው አይችልም። ባልደረባውን ላለማስከፋት ብሎ የሚያጸድቅም አለ። ማሽን ግን ይሉኝታ የለውም። የታዘዘውን ፈተና ለጀማሪም ለአለቃም እኩል ይፈትናል።

በይፋት ቆላ ማሾ ለገበያ የሚያመርት ገበሬ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ሲሸጥ ጆንያው መጋዘን ከመግባቱ በፊት ናሙና ይወሰዳል፤ እርጥበቱና ባዕድ ነገሩ ይለካል፤ ደረጃ ይወጣለታል። ይህ ሁሉ በር ላይ የሚደረገው እህሉ አንዴ ተመሳሳይ ደረጃ ካለው የሌላ ሰው ምርት ጋር ከተቀላቀለ በኋላ «የማን ነው የነቀዘው?» ብሎ መለየት ስለማይቻል ነው። ኮድም እንዲሁ ነው። ከተዋሃደ በኋላ የአሥር ሰው ሥራ ይደራረብበታል። ጥፋቱን ለማግኘት ርካሹ ሰዓት ከመርጁ በፊት ያለው ነው።

ይህ ሐሳብ ረጅም መንገድ ተጉዟል። ግሬዲ ቡች እ.ኤ.አ. በ1991 ያነሳው ሥራን ሳያጠራቅሙ ቶሎ ቶሎ የማዋሃድ ሐሳብ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኬንት ቤክና ጓደኞቹ ባስፋፉት የአሠራር ዘዴ ዋና ልማድ ሆነ። ይህን በማሽን የሚያስኬዱ ፕሮግራሞችም ተከተሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ክሩዝ ኮንትሮል፣ ቀጥሎ የኮሱኬ ካዋጉቺ ሃድሰን መጣ፤ ሃድሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ስሙ ጄንኪንስ ሆነ፤ ዛሬም በብዙ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለሁሉም የተከፈተው የጊትሃብ አክሽንስ የምርመራ አሠራር ደግሞ ነገሩን ከኮዱ አጠገብ አመጣው። ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ መደበኛ ማሽኖቹ ክፍያ የላቸውም።

ከባዶ ስንጀምር

ለዚህ ምዕራፍ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም እንውሰድ። ዋና ሥራዋ አንድ ነው፤ አንድ ሕመምተኛ የታየበትን ቀን ስንሰጣት የየትኛው ወር ሪፖርት ውስጥ እንደሚገባ ትነግረናለች። መጀመሪያ የምንጽፈው ቴስቶቹን ነው። ቴስት ማለት ጥያቄና የታወቀ መልስ ነው፤ ማሽኑ ጥያቄውን ለፕሮግራሟ ያቀርባል፣ መልሷን ከታወቀው ጋር ያነጻጽራል። የእኛዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ነሐሴ 20 ቀን 2015 — የነሐሴ 2015 ሪፖርት።
2. ነሐሴ 21 ቀን 2015 — የመስከረም 2016 ሪፖርት።
3. ጳጉሜን 6 ቀን 2015 — የመስከረም 2016 ሪፖርት።
4. ጳጉሜን 6 ቀን 2016 — «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብላ ትመልስ።
5. መስከረም 21 ቀን 2016 — የጥቅምት 2016 ሪፖርት።
6. የመስከረም 2016 ሪፖርት ርዝመት 36 ቀን፤ የመስከረም 2017 ደግሞ 35።
7. እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2100 — መስከረም 1 ቀን 2093።

ሁሉም የዳር ቀኖች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ታኅሣሥ 10ን አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃል፤ ነሐሴ 20 እና 21ን ግን ሁለቱንም መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ድንበሩ በመካከላቸው ነውና።

ቀጥሎ ማሽኑ መቼና እንዴት እንደሚሠራ የሚነግር አጭር ፋይል እንጽፋለን። ፋይሉ ከኮዱ ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ ስለዚህ የምርመራው ደንብ ራሱ ታሪክ አለው፣ ማን መቼ እንደለወጠው ይታያል። በእውነተኛው ፋይል ቁልፍ ቃላቱ እንግሊዝኛ ናቸው፤ የሚሉት ግን ይህንኑ ነው፦

መቼ፦ ፑል ሪኩዌስት ሲከፈት፣ ሲታደስም፤ ዋናው ቅርንጫፍ በተለወጠ ቁጥርም
የት፦ በአዲስ የሊኑክስ ማሽን ላይ
ደረጃ 1፦ ኮዱን አውርድ
ደረጃ 2፦ የተወሰነውን የፓይተን ቅጂ ጫን
ደረጃ 3፦ የሚያስፈልጉ ላይብረሪዎችን በተመዘገበው የቅጂ ቁጥራቸው ጫን
ደረጃ 4፦ ፕሮግራሙን ገንባ
ደረጃ 5፦ ቴስቶቹን በሙሉ አሂድ

«አዲስ ማሽን» የሚለው ቁልፍ ነገር ነው። ማሽኑ በየጊዜው ከባዶ ይነሳል፤ ከዚህ በፊት የተጫነበት ነገር የለም። «እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል» የሚለው የተለመደ መልስ እዚህ ያበቃል። ለሠሪው ላፕቶፕ ብቻ የሚታወቅ ላይብረሪ፣ ያልተላከ ፋይል፣ በእጅ የተስተካከለ ቅንብር ካለ ግንባታው ደረጃ 3 ወይም 4 ላይ ይወድቃል። ማሽኑ ሌላ ቦታ ስለሆነም ሸዋ ሮቢት ላይ መብራት ቢጠፋ ምርመራው አይቋረጥም፤ ለውጡ አንዴ ከተላከ ውጤቱን ኔትወርክ ሲመለስ በስልክም ማየት ይቻላል።

የመጨረሻው ሥራ በሩን መቆለፍ ነው። በዋናው ቅርንጫፍ ቅንብር ላይ «ምርመራው ካላለፈ መርጅ አይደረግም» የሚል ደንብ ይደረጋል። ይህ ካልተደረገ ቀዩ ምልክት ምክር ብቻ ይሆናል፤ ጥድፊያ በመጣ ቀን ደግሞ ምክር አይሰማም።

ቀይ ሲበራ

አሁን አንድ ጥሩ ፕሮግራመር ጥር ላይ መጥቶ ኮዱን አየ እንበል። የወር ስሌቱ ተንዛዝቶበት በአንድ መስመር ተካው፦ ቀኑ 21 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወሩ ላይ አንድ ጨምር፤ ካልሆነ ወሩን እንዳለ ተው። ንጹሕና አጭር ነው። ታኅሣሥ 25ን ሞከረ፣ የጥር ሪፖርት አለው። የካቲት 3ን ሞከረ፣ የካቲት አለው። የሚያየው ባልደረባም በሁለት ቀን ሞክሮ ረካ።

ፑል ሪኩዌስቱ እንደተከፈተ ማሽኑ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ቀይ ምልክት ታየ፤ ሲከፈት እንዲህ ይላል፦ «ቴስት 2 ወደቀ። ጥያቄ፦ ነሐሴ 21 ቀን 2015። የተጠበቀው፦ መስከረም 2016። የተገኘው፦ ጳጉሜን 2015።»

ጥፋቱ ገሃድ ወጣ። ነሐሴ 12ኛ ወር ነው፤ አንድ ሲጨመርበት 13 ይሆናል፣ ጳጉሜን። የጳጉሜን ሪፖርት የሚባል ግን የለም። ቴስት 3ም ወድቋል፤ በጳጉሜን ቀናት የታዩ ሕሙማን ቀናቸው ከ21 በታች ስለሆነ እዚያው 13ኛው ወር ላይ ቀርተዋል። ይህ ኮድ ቢዋሃድ ኖሮ ከጥር እስከ ነሐሴ 20 አንድም ስህተት ሳያሳይ ይሠራ ነበር። ከነሐሴ 21 ጀምሮ ግን የነሐሴ የመጨረሻዎቹ 10 ቀናትና የጳጉሜን ሕሙማን በሙሉ ማንም የማይከፍተው ሪፖርት ውስጥ ይገቡ ነበር፤ ያውም ወባ ሊነሳ ሲል፣ መድኃኒትና አጎበር በሚታቀድበት ሰዓት። ፕሮግራመሩም ያኔ ሌላ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ማንም አልተወቀሰም፣ ስብሰባም አልተጠራም። ሠሪው መልእክቱን አንብቦ ኮዱን አስተካከለ፣ መልሶ ላከ፣ ምልክቱ አረንጓዴ ሆነ። የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። እርማት ከሰው ሳይሆን ከማሽን፣ ከወራት በኋላ ሳይሆን ወዲያው ሲመጣ፣ ጀማሪ ሰው ሳይሸማቀቅ ይማራል።

ቴስት የማይመልሰው ጥያቄ

የምርመራ ማሽኖች ሰዓታቸው አብዛኛውን ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተሞላ ነው፤ የእኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። በዚህ ምክንያት ላፕቶፕ ላይ ያለፈ ቴስት ማሽኑ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ሲወድቅም እውነተኛ ችግር እየጠቆመ ነው። ጥቅምት 20 ለ21 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የመጣ ሕመምተኛ በዓለም አቀፉ ሰዓት ገና 20 ላይ ነው። ሰርቨሩ እንዲህ ከቆጠረው በጥቅምት ሪፖርት ይገባል፤ በኢትዮጵያ ሰዓት ከተቆጠረ በኅዳር።

ከዚህም የጠለቀ ጥያቄ አለ። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ መዝገቡ ላይ የምትጽፈው ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው ወይስ ሲነጋ? ይህን ማሽን አይወስንም፤ ፕሮግራመርም ብቻውን መወሰን የለበትም። መወሰን ያለባቸው መዝገቡን የሚያውቁት ባለሙያዎች ናቸው። ከተወሰነ በኋላ ግን ውሳኔው በቴስት ይጻፋል፤ ያን ጊዜ በቃል የሚተላለፍ ልማድ መሆኑ ቀርቶ በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ የሚጠየቅ ሕግ ይሆናል።

ሌሎችም ሊዘነጉ የማይገባቸው ጉዳዮች አሉ። ምርመራው ፈጣን መሆን አለበት፤ አንድ ሰዓት የሚያስጠብቅ ከሆነ ሰዎች መሸሻ ይፈልጉለታል። አንዳንዴ የሚያልፍ አንዳንዴ የሚወድቅ ቴስት ወዲያው ይጠገን ወይም ይውጣ፤ ካልሆነ ሰው ቀይ ምልክትን መናቅ ይለምዳል። ለየብቻ አረንጓዴ የሆኑ ሁለት ለውጦች ሲዋሃዱ ሊጋጩ ስለሚችሉ ዋናው ቅርንጫፍም በተለወጠ ቁጥር ይፈተን። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ አንድ ሪፖርት ሁለት ጊዜ ሊላክ ይችላልና «ሁለቴ የመጣ ሪፖርት አንዴ ይቆጠር» የሚል ቴስት ይኑር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእውነተኛ ሕሙማን ስምና መረጃ ለመሞከሪያ አይዋል፤ የሰርቨር የይለፍ ቃልም ከውጭ የመጣ ፑል ሪኩዌስት ሊደርስበት በሚችል ቦታ አይቀመጥ። ምርመራው የማታውቁት ሰው የጻፈውን ኮድ በማሽናችሁ ላይ ማሄድ መሆኑን መርሳት አያስፈልግም።

የማን ሥራ ነው?

የአገራችን ጤና ተቋማት ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ2 መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኮዱ በጊትሃብ ላይ ለማንም ክፍት ነው፤ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርም ይደግፋል፤ የሚቀርብለት ፑል ሪኩዌስትም ከመዋሃዱ በፊት በማሽን ይገነባል፣ ይፈተናል። በብዙ አገሮች የሚሠራ ፕሮግራም ስለሆነ ኦስሎም ሆነ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ለሌላ አገር ብሎ የሚያደርገው ለውጥ የእኛን ወር ሊነካ ይችላል።

ያ ፕሮግራመር ጳጉሜንን እንዲያስታውስ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። ሊያስታውስለት የሚችለው ቴስት ነው፤ ቴስቱን በትክክል ሊጽፍ የሚችለው ደግሞ ጳጉሜንን የኖረባት ሰው ነው። ፕሮግራመር መሆን እንኳ አያስፈልገውም። «ነሐሴ 21 የመስከረም ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሸዋ ሮቢት ያለ የጤና መረጃ ባለሙያ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ከአንድ ወጣት ፕሮግራመር ጋር ቢቀመጥ ከላይ ያሉትን ሰባት ጥያቄዎች በግማሽ ቀን ይጽፏቸዋል።

ሥራው በጤና አያበቃም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 መጀመሩን የሚያውቅ የፋይናንስ ፕሮግራም፣ ኃይሉ የሚለው ስም በ«ኃ»ም በ«ሀ»ም ሲጻፍ አንድ ሰው መሆኑን የሚለይ የመዝገብ ፍለጋ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓትን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጋር የማያምታታ የቀጠሮ መተግበሪያ፣ ሁሉም የየራሳቸው ዳር ድንበር አላቸው። እነዚህን ድንበሮች የሚያውቁት ሥራውን በየቀኑ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። እውቀታቸው ወደ ቴስት ካልተለወጠ ሰውየው ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይሄዳል። ከተለወጠ ግን በማንም እጅ ቢገባ፣ ማንም ቢለውጠው፣ ኮዱ የእኛን አቆጣጠር አክብሮ ይሠራል። ለዚህ የሚያስፈልገው አጭር ፋይል፣ ጥቂት ጥያቄዎችና «ካላለፈ አይዋሃድም» የሚል አንድ ደንብ ነው፤ ጥያቄዎቹን ከእኛ በቀር የሚጽፍልን የለም።